ልጆች ከአፋችን የሚለቅሙት

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «ሕፃናት አያቶቻቸውንና ታላላቆቻቸውን እንዲያከብሩ እንዴት እናስተምራቸው?» የሚል ነው። ምክር ከመስጠቴ በፊት ግን ጥፋቴን ልናገር።

እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። አንድ ቀን ማታ የሞባይሏን ድምፅ እንዴት እንደምትቀንስ ደግማ ጠየቀችኝ። ከሥራ ደክሞኝ ነበር የገባሁት። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አይገባሽም እንዴ?» አልኳት። እሷም ዝም አለች፤ እኔም ረሳሁት።

በሳምንቱ የአምስት ዓመት ልጄ ቴሌቪዥን ሲያይ አያቱ «ምንድን ነው የምታየው?» አለችው። ዓይኑን ሳያነሳ «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አይገባሽም እንዴ?» አላት። ቃሉም ድምፁም የእኔ ነበር።

ልቆጣው ተነሣሁ። እናቴ ግን «ተዪው፤ ልጁ ምን አጠፋ? የሰማውን ነው የተናገረው» አለችኝ። በማግስቱ ልብሷን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ስታስገባ አገኘኋት። ወደ አገሯ ልትመለስ ነበር።

እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ልጄም ቆሞ ያያል። ያጠፋሁት በፊቱ ስለሆነ የምክሰውም በፊቱ መሆን ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጥቂት ነገር ለወጥን። ምግብ ሲቀርብ አስቀድመን አያቱን እናስታጥባለን፤ ጆጉ ስለሚከብደው ውኃውን እኔ አፈሳለሁ፣ ፎጣውን እሱ ይይዛል። ቡና ሲፈላ ቆሎውን የሚያቀርብላት እሱ ነው። «እደግ፣ ተመንደግ» ስትለው «አሜን» ይላል። ሽማግሌ ወደ ቤት ሲገባ «ተነሥ» አልለውም፤ እኔ ብድግ እላለሁ፣ እሱም አይቶ ይነሣል።

ማታ ቴሌቪዥኑ ይዘጋና «እንቆቅልሽ» ትለዋለች። «ምን አውቅልሽ» ይላል። መልሱን ሲያጣ አገር ይሰጣታል፤ እስካሁን ጎንደርንም ደብረ ብርሃንንም ሰጥቷታል። ሞባይል ያስቸገራት አያቱ እሱ የማያውቀውን ስንት ነገር እንደምታውቅ ያኔ ገባው። ከልቡ ማክበር የጀመረው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል።

እህቶቼ፣ ማክበርና መፍራት አንድ አይደሉም። «አያትህ ትገርፍሃለች» እያልን ብናስፈራራው ከአያቱ የሚሸሽ ልጅ ነው የምናሳድገው። ደግሞም ልጅ አንድ ትልቅ ሰው እንደጎዳው ሲነግረን «ታላቅህ ነው፣ ዝም በል» አንበለው፤ እናድምጠው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን የመርዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ፍርድ ቤት ቀለብ ሊቆርጥ ይችላል፤ ፍቅርና አክብሮት ግን በፍርድ ቤት አይቆረጥም። እሱ የሚገኘው ከቤት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛ ገበያ ስንውል፣ ቁጠባችንን ይዘን እዚህ ስንሰበሰብ ልጆቻችንን የሚጠብቅልን ማን ነው? ለብዙዎቻችን እናቶቻችን ናቸው። በቁጠባ መዝገባችን ላይ ስማቸው የለም፤ ድካማቸው ግን በእያንዳንዱ ብር ውስጥ አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን እናታችንን፣ ወይም ጧሪ የሌላትን የጎረቤት አሮጊት ይዘን እንምጣ። ቡናው ለእነሱ ይፈላ። ልጆቻችንም ይምጡና እኛ ስናከብራቸው ይዩ።