«ዕቃ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በዕቃ ቤት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን ወገኖቻችንን ነፍሳቸውን ይማርልን።

እኛ የዕቃ ቤት ኮሚቴ አባላት ዛሬ እዚህ የቆምነው የዕቃ ቆጠራ ሪፖርት እንድናሰማ ታዝዘን ነው። ሪፖርቱ በሦስት መስመር ያልቅ ነበር። ነገር ግን ቆጠራውን ስንሠራ አንድ ቃል መንገድ ላይ ቆመብን። ቃሉ «ዕቃ» ነው። ሁላችንም በቀን መቶ ጊዜ የምንለው ነውና የሚያስቸግር አይመስልም። እኛም አልመሰለንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናታችን አረፉና ቀብሩ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ባለ ገጠር ሆነ። ዕድሩ እንደ ወጉ ድንኳኑንና ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። ከመጫናችን በፊት መዝገቡን ገለጥን፤ «ልዩ ልዩ ዕቃ — 43» ይላል። ቆጠርን፤ 43 ሆነ። ፈረምን፤ ሄድን። ዝናቡ ይወርዳል። ድንኳኑ ተዘረጋ፤ ምሰሶው ቆመ፤ ችካል የለም። ገመዱም ግማሹ የለም። ለለቀስተኛ ንፍሮ ሊቀቀል ሲባል ደግሞ ጎላ ፈለግን፤ ሁለቱም ጎላዎች የሉም። ታዲያ 43ቱ ምንድን ነው? ጣሳ ነው፤ ኩባያ ነው፤ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ዕቃው ግን የለም።

ማንንም ሌባ አላልንም፤ አንልምም። ወደ መተዳደሪያ ደንባችን ብትመለሱ «ዕቃ ያጎደለ አባል ዕቃ ይተካል» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጎላ ያጎደለ ጣሳ ቢተካ በደንቡ ቃል ዕቃ ተክቷል። ችካል የጣለም ሁለት ኩባያ ቢያመጣ መዝገቡ ሞልቶለታል። ይህ በስንት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሆነ ነገር ነው። ያን ቀን ግን የሟች ልጆች በዝናብ ቆሙ። ይህንን መሸፋፈን አይቻልም።

የገጠሩ ሰው ነው ያዳነን። አንዱ ሮጦ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ችካል ጠረበ፤ ሌላው ከቀንበሩ ላይ ምራኑን ፈትቶ ለድንኳኑ መወጠሪያ ሰጠን። እዚያው ነው እንግዲህ ቃላችን ሁለት ጊዜ ያዋረደን። አንዲት እናት ዘንድ ሄደን «እትዬ፣ ዕቃ ቢኖርዎ» አልናቸው። «የምን ዕቃ? የውኃ ነው ወይስ የእህል?» አሉን። ለእሳቸው ዕቃ ማለት የሚያዝ፣ የሚቋጥር፣ የሚይዝ ነገር ነው፤ እንስራ፣ ገንቦ፣ አቁማዳ፣ ስልቻ፣ ቅል። ድስት ራሱን በስሙ ካልጠሩት ለእሳቸው ዕቃ አይደለም።

ቀጥለን ለመቃብሩ ቁፋሮ «መሣሪያ ያለው ሰው አለ ወይ?» ብለን ጮኸን። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ አዛውንት ቀረብ አሉና «ልጆቼ፣ ተኩሱ ከግብዓተ መሬቱ በኋላ ቢሆን አይሻልም?» አሉን። «ኧረ አባቴ፣ ዶማና አካፋ ነው የምንለው!» «እንግዲያማ ዶማ በሉና!» ለቀስተኛው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ሳቀ። የሟች ልጅ ሳይቀር ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ስለ ዕቃ መዝገብ መነጋገሩ ቀርቶ ስለ ቃሉ ስንነጋገር ከረምን። ካህናቱንም፣ ጋራዥ የሚሠሩትንም፣ ከገበያ የሚመጡትንም ጠየቅን። የሰማነውን እናካፍላችሁ።

«ዕቃ» ብዙ ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አይሻም። «ዕቃ አጠብኩ» የምትል ሴት አንድ ሳህን አላጠበችም፤ ከለቅሶ ቤት የወጣ መቶ ሳህን አጥባ ሊሆን ይችላል። «ዕቃ ገባልኝ» የሚል ነጋዴ ሸቀጡን ነው። «ዕቃ ጠፋብኝ» የሚል ሹፌር የመኪና መለዋወጫ አጥቶ ነው። መንገደኛው ዕቃዬን ያዙልኝ ቢል ሻንጣውን፣ ሙሽራዋ ዕቃዬ ቢሏት አልጋና ቁም ሣጥኗን ነው። ልጆች «ዕቃ ዕቃ» ሲጫወቱ በጠጠርና በቅጠል አንድ ሙሉ ቤት ያቆማሉ። በስሙ መጥራት የሚያሳፍረውንም የሰውነት ክፍል ሰው «ዕቃ» ይለዋል፤ በዚህ ጉባኤ ላይ ከዚህ በላይ አንገባበትም። እንግዲህ አንድን እንዲህ ያለ ቃል መዝገብ ላይ አስፍሮ ከፊቱ 43 ብሎ መጻፍ ውኃን በወንፊት መለካት ነው።

ከተማችን ፍኖተ ሰላም ስሟ ራሱ ግዕዝ ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያው በግዕዝ ዕቃን ብንፈልግ የምናገኘው «ንዋይ» የሚለውን ነው። ንዋይ ዕቃም ነው፤ ሀብትም ነው፤ ገንዘብም ነው። በቤተ ክርስቲያን ጽዋው፣ ጻሕሉ፣ ጽናጽሉ፣ መስቀሉ «ንዋየ ቅድሳት» ይባላል። የጦር መሣሪያ ደግሞ በግዕዝ «ንዋየ ሐቅል» ነው፤ ቃል በቃል ሲፈቱት የሜዳ ዕቃ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም «ንዋይ ኅሩይ» ይባላል፤ የተመረጠ ዕቃ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 እንደምታገኙት። ሰውን ዕቃ ማለት ስድብ የሚመስለው ሰው ይህን ያስተውል። ዛሬ በአማርኛችን ንዋይ ጎድሎ ጎድሎ ገንዘብ ብቻ ሆኗል፤ «ፍቅረ ንዋይ» ሲባል ማንም ድስት ትዝ አይለውም።

የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ጠባቂ «ዐቃቤ ንዋይ» ነው፤ ዐቀበ ማለት ጠበቀ ነውና። «ዐቃቤ ሕግ»ም ከዚሁ ነው። ከኮሚቴያችን አንዱ «እንግዲያው ዕቃም ከዐቀበ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ማለት ነው» ብሎ ተከራከረን። ቢሆንልን ደስ ይለን ነበር፤ ለዕቃ ቤት ኃላፊ ከዚህ የተሻለ ትርጉም የለም። ዳሩ ግን ሁለት ቃል ድምፁ ስለ ተቀራረበ ዘመድ አይሆንም፤ «በ» የምትባለዋን ፊደል የበላት ማን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል።

«መሣሪያ» ግን ግልጽ ነው። ሠራ ከሚለው ይወጣል፤ የሚሠሩበት ማለት ነው። አማርኛ ከማንኛውም ግሥ እንዲህ እያደረገ መሣሪያ ያበጃል። ጠረገ፣ መጥረጊያ፤ ጠረበ፣ መጥረቢያ፤ ቆፈረ፣ መቆፈሪያ። የግሡ መጨረሻ ሰ ሲሆን ሻ ይሆናል፤ አረሰ፣ ማረሻ፤ ጠበሰ፣ መጥበሻ። ጠ ሲሆን ጫ ይሆናል፤ ቆረጠ፣ መቁረጫ፤ ወቀጠ፣ ሙቀጫ። ይህ ሕግ ሁላችንም ሳንማር የምናውቀው ነው። አዲስ መሣሪያ ዛሬ ከፋብሪካ ቢመጣ ማታውን ስም እናወጣለታለን።

ሠራዊትም ሥራው ጦርነት ነውና የሚሠራበት መሣሪያ ተባለ። ከዚያ «የጦር» የምትለዋ ተቆርጣ ቀረች። ገጠር «መሣሪያ አለው» ሲባል ማንም መጋዝ አያስብም፤ አዛውንቱ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ከተሜው ደግሞ «የሰው መሣሪያ ሆነ» ይላል፤ ሌሎች የሚሠሩበት ሰው ማለቱ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 2 ሰይፍ ማረሻ፣ ጦርም ማጭድ ሆኖ እንደሚቀጠቀጥ ይናገራል፤ በእኛ ቋንቋ ስሙን እንኳ መለወጥ አያሻም፤ ያም መሣሪያ ይህም መሣሪያ።

ይሁን እንጂ ገበሬው የእርሻውን ዕቃ በጅምላ «መሣሪያ» ሲል አትሰሙትም። እያንዳንዱን በስሙ ነው የሚጠራው፤ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ምራን፣ ጅራፍ። አንዱ ቢጎድል ሌላው አይተካውም። ወገል የጠፋበት ሰው ጅራፍ ቢሰጡት አያርስም። ሞፈርን ካህናቱ ወፈረ ከሚለው ያወጡታል፤ ወደ ሥራ፣ ወደ እርሻ ተሰማራ ማለት ነው። እርፍ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 በጌታ ቃል ውስጥ ያለ ነው። እነዚህ ቃላት የያዙት ከእኛ መዝገብ ይበልጣል። እውነቱን ለመናገር፣ መዝገቡን ገበሬ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ጎላዎቹ አይጠፉም ነበር።

የቀሩት ቃላት መንገደኞች ናቸው። በዕቃ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ያለውን ብቻ ተመልከቱ። ሳህን፣ ጣሳ፣ ኩባያ፣ ጀበና፣ ፋኖስ፣ በርሜል ከዐረብ ነጋዴ ጋር የመጡ ናቸው። ሲኒ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ ዛሬም የሲኒዎቻችንን ቂጥ ገልብጣችሁ ብታዩ አብዛኞቹ ያንኑ ይመሰክራሉ። ባልዲ ከሕንዶች «ባልቲ» ጋር አንድ ነው፤ እነሱም ከፖርቱጋሎች ነው የወሰዱት። ድንኳኑን ግዕዝ «ደብተራ» ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስሙን ያገኘው ከድንኳን ነው፤ ያን ቀን በዝናብ ውስጥ ፍትሐት ያደረሱልን ደብተራ ግን ከድንኳን ያገኙት ስሙን ብቻ ነው።

ከዚያ ቡሬ ውረዱ። ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናትና ጋራዥ አይጠፋባትም። እዚያ ካቻቢቴ ነው፤ ፒንሳ ነው፤ ባሌስትራ ነው፤ ጎማ ነው። ሁሉም ጣልያንኛ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሄደ፤ ካቻቢቴው ቀረ። ቀጥቃጩ ደግሞ ያረጀ ባሌስትራ ገዝቶ፣ ቆርጦ፣ በወናፍ አግሎ ማረሻ ያደርገዋል። ከመኪና ሥር ሲወጣ ጣልያን ነበረ፤ ከእሳት ሲወጣ ጎጃሜ ሆነ።

ስለ ቀጥቃጩ ከተነሣ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ብረት ሠሪን ሰው «ጠይብ» ይለዋል። ቃሉ ጠቢብ ነው፤ ብልኅ፣ አዋቂ ማለት ነው። ይህን ያህል የከበረ ቃል እንዴት ስድብ ሆነ? የሰው እጅ የሠራውን ዕቃ በልተንበት፣ አርሰንበት፣ ሬሳ ቀብረንበት፣ ሠሪውን ግን ቡዳ አልነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን እንኳ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ተከልክሎ ነበር። ከማኅበርና ከሰንበቴ የተገፉ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች እንደ ነበሩ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። በእኛ ዕድር ውስጥ በሙያው ምክንያት ወደ ኋላ የሚቀመጥ አባል ካለ፣ ዛሬ ከፊት ይቀመጥ ዘንድ እንለምናለን። ያን ዕለት ከማንኩሳ ወዲያ መጥረቢያ ይዞ የሮጠው ሰው ማን እንደ ነበረ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሪፖርቱ። ኮሚቴው መዝገቡን ዘግቶ አዲስ ከፍቷል። በአዲሱ መዝገብ ውስጥ «ዕቃ» የሚል ቃል ከሽፋኑ በስተቀር የለም። ጎላ ጎላ ይባላል፤ ጣሳ ጣሳ ይባላል፤ ችካል በቁጥር፣ ገመድ በሜትር ይጻፋል። ከደንቡም ያች ዐረፍተ ነገር እንድትለወጥ ሐሳብ አቅርበናል፤ «ያጎደለውን ዕቃ በዓይነቱና በልኩ ይተካል» እንድትባል። ድምፅ የሚሰጥባት ከምሳ በኋላ ነው። አንዳንድ አባላት «ለድሀ ይከብዳል፤ ጎላ ውድ ነው» ብለውናል። ትክክል ነው፤ ይከብዳል። ስለዚህ ያጎደለው ሰው አቅም ካነሰው ልዩነቱን ዕድሩ ከሣጥኑ እንዲችል፣ መዝገቡ ግን እንዳይዋሽ ተስማምተናል።

የጎደለውም ይህ ነው፤ ጎላ ሁለት፣ ችካል 18፣ ገመድ 40 ሜትር፣ የመቃብር ዶማ አንድ። ጎላዎቹ በአንድ ሠርግ ላይ እንደ ታዩ የነገሩን አሉ። ያሉበትን የምታውቁ፣ ወይም ቤታችሁ ጓዳ ውስጥ ተደፍተው ያሉ፣ ሰኔ ሳይገባ ማታም ቢሆን አምጡልን። አንጠይቅም፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኛ ዘንድ ነው።