የሚኒስትሩ መልስ ከመስክ ይጀምራል



የሕዝብ እንደራሴ ጥያቄ ሲያነሡና ሚኒስትሩ ቆመው ሲመልሱ በአዳራሹ የሚታየው የጥቂት ደቂቃዎች ነገር ነው። ለዚያ መልስ የሚደረገው ዝግጅት ግን ብዙ ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ ዋናው ክፍል የሚከናወነው ከአዳራሹ ርቆ፣ በመስክ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የመሐንዲሱም ነው።

ሚኒስትርን በምክር ቤት መጠየቅ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች በምክር ቤቶቹ ጥሪ ቀርበው፣ ሊወጡ ስለታሰቡ ሕጎች በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ያስገድድ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ወሰኑን አስፍቶ፣ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ። ቀድሞ ስለ ሕግ ረቂቅ ይጠየቁ የነበሩት ሚኒስትር፣ ዛሬ ስለ ሥራቸው ይጠየቃሉ።

ለምሳሌ ምሥራቃዊውን ደቡብ ጎንደር እንመልከት። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ጋይንትን ያቋርጣል። ከዚያ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ሲዘለቅ ግን አገሩ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርዱ ገደሎች የተቆራረጠ ነው። ከእነዚህ ወረዳዎች የአንዱ ተመራጭ፣ «የተጀመረው መንገድ መቼ ያልቃል?» ብለው ጠየቁ እንበል።

የመጀመሪያው ዝግጅት የመንገዱን ባለቤት መለየት ነው። አውራ ጎዳናው የፌዴራል ሲሆን፣ ቀበሌን ከወረዳ የሚያገናኙት ብዙዎቹ የክልሉ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ደግሞ ሥራው የክልሎች ሆኖ የፌዴራል ገንዘብም ገብቶበታል። ሚኒስትሩ «ጉዳዩ የክልሉ ነው» ብለው ቢያልፉ፣ «ገንዘቡስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ሁለተኛው አኃዙ ነው። ጥያቄው ከሚኒስቴሩ ወደ መንገድ መሥሪያ ቤቱ፣ ከዚያም ወደ አማካሪው መሐንዲስ ይወርዳል፤ መልሱ በዚያው መሰላል ይወጣል፤ ሲወጣም ያጥራል። ከታች «አፈር ቆረጣው ተገባዷል፤ የወሰን ማስከበሩ ተጓትቷል፤ የድልድዩ መሠረት አልተጀመረም» የተባለው፣ ከላይ ሲደርስ «60 በመቶ ተጠናቋል» ይሆናል። ይህ 60 የተከፈለው ገንዘብ ነው፣ የተሠራው ሥራ ነው፣ ወይስ ያለፈው ጊዜ? ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ከሞላ ወንዝ ዳር ለቆመ የስማዳ ገበሬ፣ ድልድይ የሌለው 60 በመቶ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ተከታዩ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝ ፓርላማ አስቀድሞ የተመዘገበ ጥያቄ ይታወቃል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚሰነዘረው ግን አይታወቅም። ስለዚህ የሚኒስቴሩ ሠራተኞች ከዋናው መልስ ሌላ፣ ሊከተሉ ለሚችሉት ጥያቄዎች ሁሉ ማስረጃ አሰባስበው ለሚኒስትሩ ያቀርባሉ። ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

የዘመን አቆጣጠሩም ሊታሰብበት ይገባል። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። መንገድ ክፉኛ የሚፈተንባቸው ሐምሌና ነሐሴ በዕረፍቱ ውስጥ ይውላሉ። ጎርፍ የሸረሸረው ሙሌትና በደለል የተደፈነው ቱቦ በዚያው ክረምት ካልተለካና ካልተመዘገበ፣ በጥቅምት የሚሰጠው መልስ የግንቦትን መንገድ የሚገልጽ ይሆናል።

እንግዲህ ከመስክ የሚላክ ሪፖርት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ይያዝ፦ ምን ተሠራ፤ ምን ቀረ፣ ስለ ምን ቀረ፤ መንገዱ በክረምት ተሽከርካሪ የሚያሳልፈው መቼ ነው። «አላውቅም፣ ገና አልተለካም» የሚለው ቃልም ሳይለሰልስ እስከ ላይ ይድረስ። ሚኒስትሩ የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ይኖራል፤ ተስፋውን የሰማው ሕዝብም ወንዙ ዳር ሆኖ ይጠብቃል። አኃዙን በፊርማው ያጸደቀው መሐንዲስ ከተጠያቂነቱ ድርሻ አለው።