ከቁርጥራጭ ወረቀት የተሠራ ፊት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል፣ የልጆች የሥዕል ትርዒት ሲከፈት የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የተወደዳችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆችና ልጆች፤



ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊቶች አይታችሁ «አንዱ ዐይን ከሌላው ለምን በለጠ? ፀጉሩስ ስለ ምን ጋዜጣ ሆነ?» ያላችሁ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በአጭሩ ልመልስ።

ወረቀት እየቆረጡና እየለጠፉ ሥዕል መሥራት ኮላጅ ይባላል። በዚህ ሙያ ስማቸው ከገነነው አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ሮማሬ ቢርደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በሰሜን ካሮላይና ሻርለት ከተማ ተወልዶ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ አደገ። ለብዙ ዓመታት የከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆኖ እንጀራውን እያበሰለ፣ በተረፈው ጊዜ ይሥል ነበር። በ1964 ባሳየው ትርዒት ከመጽሔት ዐይን፣ አፍና እጅ እየቆረጠ፣ ከአፍሪካ ጭንብል ምስል ጋር እያጋጠመ የወገኖቹን ሕይወት አሳየ። ፊቶቹ ከብዙ ቦታ የተለቃቀሙ ቢሆኑም ተመልካቹን ትክ ብለው ያያሉ። ቢርደን በ1988 ዐረፈ።

ልጆቻችንም የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ የፊቱን ቅርጽ ከአንድ ወፍራም ወረቀት ይቆርጣሉ። ቀጥሎ የስጦታ መጠቅለያ፣ አሮጌ ካርታ፣ ጋዜጣና ባለ አበባ ወረቀት ዘርግተው ለማን ምን እንደሚስማማው ይመርጣሉ። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ፊቱን ኮስተር ያደርገዋል፤ በእጅ የተቀደደ ያለሰልሰዋል። የቅንድቡ የውስጥ ጫፍ ወደ አፍንጫ ሲወርድ ፊቱ ይቆጣል፤ ሲነሣ ያዝናል። ስለዚህ ሙጫ ከመቀባታቸው በፊት ቁርጥራጩን ደጋግመው ያንቀሳቅሱታል። ትልቁ ሥራም ያን ጊዜ ነው።

አንድ ልጅ የእናቱን ፊት የሠራው በየወሩ ቢል ከሚመጣባቸው ፖስታዎች ነው። የፖስታው ውስጥ ሰማያዊ ጥቃቅን ጌጥ አለው፤ እሱን ከዐይናቸው ሥር ለጠፈው። እናቱ አይተው «ምነው ልጄ፣ እንዲህ አስረጀኸኝ?» አሉት። እሱም «ማታ ከሥራ ስትመለሺ እንዲህ ነሽ» አላቸው። እናቱ መልስ አልሰጡም። ዛሬ ጠዋት ግን ቀድመውን መጥተው ሥዕሉን በገዛ እጃቸው ሰቀሉት።

ወገኖቼ፣ ከልጆቻችን ብዙዎቹ የልባቸውን በአማርኛ ለመናገር ይቸገራሉ፤ እኛም ከሥራ ብዛት ቁጭ ብለን አንሰማቸውም። ዝም ያሉ ሲመስለን ግን ሲያዩን ኖረዋል። ስለዚህ ዛሬ በየሥዕሉ ፊት ስትቆሙ «አይመስልም» ብላችሁ አትለፉ፤ «ይህን ወረቀት ለምን መረጥህ? ለምን መረጥሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እስኪጨርሱም ታገሡ።

በመጨረሻም፣ ባዶ ፖስታና የስጦታ መጠቅለያ አትጣሉብን፤ ይዛችሁልን ኑ። ከተቻለም ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ቀን መቀስ ይዛችሁ ተቀመጡ።