ማደግና ጤና፦ መኖና የእድገት ሆርሞን በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ

(ለፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን በራሴ ስህተት ልጀምር። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የአንድ ዕፅ ጭማቂ በነጭ አይጦች የደም ስኳርና ክብደት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አጠና ነበር። በጥናቱ አጋማሽ መኖ ሊያልቅ ተቃረበ። ሥራው እንዳይቋረጥ ብዬ ከገበያ ፉሩሽካ፣ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ገዝቼ አቀላቀልሁ። የተረፈውን የቀድሞ መኖ ለአነጻጻሪው ቡድን ሰጠሁ፤ አዲሱን ድብልቅ ደግሞ ዕፁን ለሚወስዱት። በመመረቂያ ጽሑፌ የሰፈረው ግን «እንስሳቱ መደበኛ መኖ ተመግበዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ዕፁ ክብደት ይቀንሳል ብዬ ደመደምሁ፤ መምህር ከሆንሁም በኋላ ለሁለት ዓመታት ይህንኑ አስተማርሁ። በመጨረሻ ሁለቱን ቡድኖች ከአንድ ጆንያ እየመገብሁ ሙከራውን ስደግመው ልዩነቱ ጠፋ። ለካ የለካሁት ፋጉሎውን ኖሯል።

ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተለየኝ ነው። የቤተ ሙከራ እንስሳ ምን እንደበላ ሳናውቅ ስለ ጤናው የምንሰጠው ፍርድ መሠረት የለውም። ፈጥኖ መግዘፉንም የጤናው ምስክር አድርገን ልንወስደው አይገባም።

በቅድሚያ አሠራሩን ላስታውሳችሁ። የእድገት ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለችው የፒቱታሪ እጢ ይመነጫል። ጉበት ዘንድ ሲደርስ ኢንሱሊን መሰል የእድገት ፋክተር አንድ የተባለውን ፕሮቲን እንዲያመርት ያደርጋል፤ አጥንትንና ጡንቻን የማሳደጉ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በዚህ ፕሮቲን አማካይነት ነው። ሆርሞኑ በራሱ ደግሞ ስብን ያቀልጣል፣ የኢንሱሊንንም ሥራ ይቃወማል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከልክ ካለፈ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። መኖ ወደዚህ ሥርዓት የሚገባው በጉበት በኩል ነው፤ ካሎሪና ፕሮቲን ሲያንሱ ሆርሞኑ በደም ውስጥ ቢኖርም እንኳ ጉበት ትእዛዙን እንደ ወትሮው አይፈጽምም። እንግዲህ መኖና ሆርሞን አንዱ ሌላውን የሚገዛ የአንድ ሥርዓት ሁለት ጫፎች ናቸው።

ሆርሞኑ ሲበዛ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1982 ፓልሚተር፣ ብሪንስተርና ባልደረቦቻቸው የእድገት ሆርሞን ዘረመልን ወደ አይጥ ጽንሶች አስገብተው፣ ከእኩዮቻቸው እጅግ የገዘፉ አይጦችን አስገኙ። የእነዚህ ግዙፍ አይጦች ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ። ከዚያ በኋላ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች እንዲህ ዓይነት ዝርያዎች ሲጠኑ የታየው ግን ብዙም አልተወራለትም፤ የኩላሊታቸው ማጣሪያ ይጠነክርና ይበላሻል፣ ጉበታቸው ለዕጢ ይጋለጣል፣ ዕድሜያቸውም ከተራዎቹ አይጦች ያጥራል።

በ1989 ደግሞ በአሜሪካ ቤልትስቪል የሚገኙ ተመራማሪዎች ተጨማሪ የእድገት ሆርሞን ዘረመል የተሰጣቸውን አሳማዎች ውጤት አሳተሙ። አሳማዎቹ የበሉትን ወደ ሥጋ በመለወጥ የተሻሉ፣ ስባቸውም ያነሰ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የልብ መስፋት፣ የቆዳና የኩላሊት ሕመም ያጠቃቸው ነበር። ይበልጥ ፈጥነው ያደጉትም መኖው ተጨማሪ ፕሮቲንና ላይሲን ሲኖረው ነው። ሆርሞኑ ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ ጥሬ ዕቃውን አያመጣም። በሚዛን ብቻ የሚፈርድ ሰው እነዚህን እንስሳት «የተሳካላቸው» ይላቸው ነበር፤ ሲራመዱ ያያቸው ግን እንደዚያ አይልም።

ወደ ተቃራኒው ጫፍ እንሂድ። ኤምስ የተባሉት ድንክ አይጦች በአንድ ዘረመል ጉድለት ምክንያት የእድገት ሆርሞን፣ ፕሮላክቲንና ታይሮይድን የሚያነቃቃው ሆርሞን የላቸውም። ክብደታቸው የተራ አይጥ ሲሶ ያህል ነው። በ1996 ብራውን ቦርግና ባልደረቦቿ እነዚህ ድንኮች ከወንድምና እህቶቻቸው አንድ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚኖሩ አሳዩ። ተራ አይጥ ሁለት ዓመት ገደማ እንደሚኖር ስናስብ ይህ ግዙፍ ልዩነት ነው። የእድገት ሆርሞን ተቀባይ የሌላቸው፣ በኮፕቺክ ቤተ ሙከራ የተገኙ አይጦችም ረጅም ዕድሜ አላቸው። ከእነርሱ አንዱ በ2003 የሞተው አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። የሚያስገርመው እነዚህ አይጦች ወፍራሞች ናቸው፤ ሆኖም ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በሚገባ ይታዘዛል።

ምክንያቱ በእርግጥ ሆርሞኑ መሆኑን በምን እናውቃለን? የኤምስ ድንክ ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ የሕይወታቸው ሳምንታት ለስድስት ሳምንት ያህል የእድገት ሆርሞን ሲወጉ፣ የኋላ ዕድሜያቸው አጥሮ ተገኝቷል። የጥቂት ሳምንታት እድገት ዋጋው ከዓመታት በኋላ ተከፈለ ማለት ነው። ድንክነትም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም፤ ኤምስ አይጦች ሴቶቹ መካኖች ናቸው፣ ብርድም አይችሉም። ለረጅም ዕድሜ የበቁት ሙቀትና መኖ በማይጓደልበት ጎጆ ነው። በሜዳ ቢለቀቁ አንድ ክረምት የሚያልፉ አይመስለኝም።

አሁን ወደ መኖ ልመለስ። በ1935 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማኬይና ባልደረቦቹ፣ ካሎሪው የተቀነሰ ሆኖ ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን የተሟላለት መኖ የተሰጣቸው ነጭ አይጦች እድገታቸው ቢዘገይም ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳዩ። ይህ ውጤት ለዘጠና ዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። እኔ ግን ተማሪዎቼን በጎን የሚታለፈውን ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ አነጻጻሪዎቹስ ጤነኞች ነበሩ?

በ2010 በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች የወጣ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በግልጽ አነሣ። የተለመደው የቤተ ሙከራ አይጥ መኖው ቀንና ሌሊት ከፊቱ የማይነሣ፣ በጠባብ ጎጆ የሚውል፣ ከልክ በላይ የወፈረና ኢንሱሊን የማይታዘዝለት ነው ይላል። እንዲህ ከሆነ መኖ ስንቀንስለት ዕድሜውን አራዘምን ወይስ በሽታውን አስታገስን?

የመኖው ዓይነትም እንደ መጠኑ ይፈርዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማነት ጥናት ፕሮግራም ለሁለት ዓመት በሚዘልቁ ሙከራዎቹ ፕሮቲን የበዛበት መኖ ይጠቀም ነበር። በ1990ዎቹ ፕሮቲኑን ከ23 ከመቶ ገደማ ወደ 14.5 ከመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎ ቃጫውን ሲጨምር፣ በአነጻጻሪዎቹ ዘንድ የሚታየው የኩላሊት ሕመም ቀነሰ። ቀደም ሲል ከዕድሜ የመጣ ይመስል የነበረው ሕመም ከፊሉ ከገንዳው የመጣ ነበር።

ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የሬሰስ ጦጣዎች ጉዳይ ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲና ከላይ የጠቀስሁት የእርጅና ጥናት ተቋም፣ ካሎሪ በ30 ከመቶ ያህል ሲቀነስ ምን እንደሚሆን ለሃያ ዓመታትና ከዚያ በላይ አጠኑ። ዊስኮንሲን በ2009 ጥቅም አለው አለ፤ ተቋሙ በ2012 ዕድሜ አልጨመረም አለ። ምክንያቱ ሲፈተሽ የዊስኮንሲኑ መኖ 28.5 ከመቶ ያህሉ ስኳር ሆኖ ተገኘ፤ የሌላው ከ4 ከመቶ አይበልጥም። የዊስኮንሲን አነጻጻሪዎች እንዳሻቸው ይበሉ ነበር፤ የተቋሙ አነጻጻሪዎች ግን በልክ ይሰፈርላቸው ነበር። በ2017 ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን አንድ ላይ አቅርበው፣ ጥቅሙ በጎለመሱ ጦጣዎች እንጂ በግልገልነታቸው በተጀመረባቸው ላይ እንደማይታይ ገለጹ። አንዱ ቡድን የሌላውን የመኖ ዝርዝር አስቀድሞ ባያገኝ ኖሮ ክርክሩ እስከ ዛሬ በቀጠለ ነበር።

ሁለቱን ጫፎች ስናገናኛቸውስ? የኤምስ ድንኮች መኖ ሲቀነስላቸው ዕድሜያቸው ይበልጥ ይረዝማል። የሆርሞኑ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ግን ከመኖ ቅነሳ ያገኙት ጥቅም እምብዛም ነው። ይህ የሚጠቁመው የመኖ ቅነሳ ጥቅም ከፊሉ በእድገት ሆርሞን መንገድ እንደሚያልፍ፣ ሁሉም ግን በዚያ እንደማያልፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ግድ ይለኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ «ታዲያ የልጆቻችን መቀንጨር ዕድሜ ያስረዝም ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቅንነት ነበር፤ መልሱ ግን አያሻማም። በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የማኬይ አይጦች ያጡት ካሎሪ ብቻ ነበር፤ ፕሮቲኑም ቫይታሚኑም ተሟልቶላቸዋል፣ ጎጇቸውም ንጹሕ ነበር። የቀነጨረ ሕፃን ግን ጥራት ያለውን ፕሮቲንና ማዕድን አጥቶ፣ በዚያ ላይ ተቅማጥና ኢንፌክሽን ይፈራረቅበታል። በአካል ማነስ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ የደረሰባቸው ነገር ግን አንድ አይደለም። ከአይጥ ጎጆ ወደ ሰው ማዕድ ስንሻገር መጠየቅ ያለብን «ምን ጎደለ? መቼ? በምን ሁኔታ?» ብለን ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤተ ሙከራ። እኛ ዘንድ መኖ ብዙ ጊዜ እንደ ወቅቱ ገበያ ይቀየራል። ፋጉሎ በደንብ ካልደረቀና እርጥበት ባለበት ከተከማቸ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመነጫል፤ ይህም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው። የአንድን ዕፅ በጉበት ላይ ያለውን ውጤት የሚያጠና ተማሪ፣ ጉበቱን የጎዳው ዕፁ ይሁን ገንዳው በምን ይለያል? አኩሪ አተርም ኢስትሮጅን መሰል ውህዶች ስላሉት ሆርሞን ለሚያጠና ሰው ቸል የሚባል አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። የመኖውን ቅልቅል በመቶኛ ጻፉ። ለጥናቱ በሙሉ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ አዘጋጁ፤ ካልተቻለም ሲቀየር ለሁሉም ቡድኖች በአንድ ቀን ቀይሩና ቀኑን መዝግቡ። የተበላውን መዝኑ እንጂ የቀረበውን ብቻ አትቁጠሩ። ክብደት ሲጨምር ኩላሊቱን፣ ጉበቱንና የደም ስኳሩን ሳታዩ «ጤናው ተሻሻለ» ብላችሁ አትጻፉ። እኛ አማካሪዎችም «መደበኛ መኖ» የሚል ሐረግ ስናይ ጽሑፉን እንመልስ።

ያ የመመረቂያ ጽሑፌ ዛሬም በመደርደሪያ ላይ አለ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእርማት ወረቀት በእጄ ለጥፌበታለሁ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት መለጠፍ የማያስፈልገው ትውልድ ይወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።