ትኬቱ ሲረክስ ፓይለቱ ስንት ይከፍላል?

(ይህ ጽሑፍ ፓይለት ለመሆን የሚመኙ ወጣቶችና ወላጆቻቸው በተሰበሰቡበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ፓይለት አይደለሁም። አውሮፕላን የተሳፈርኩትም በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ እሱንም በመስኮት በኩል መቀመጥ እየፈራሁ። ሥራዬ መጻፍ ነው። ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ ጽሑፌ ከወጣ ይከፈለኛል፣ ካልወጣ የለም። «ታዲያ ይሄ ሰውዬ ስለ ፓይለት ደመወዝ ምን አውቆ ነው የሚያወራልን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ፤ የእኔና የፓይለቱ ኑሮ የት ላይ እንደሚገናኝ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገቡኝ አንድ የሰፈሬ አባት ናቸው። አንድ ቀን ማለዳ በር ላይ አስቆሙኝና «ልጄ ፓይለት ካልሆንኩ ብሎ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። አውሮፓ ውስጥ ርካሽ አየር መንገዶች ፓይለት በገፍ ይቀጥራሉ አሉ። አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ቤቱን ልሽጥለት ወይ?» አሉኝ። እኔ እንጃ ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። የሰው ቤት ነው፤ አርባ ዓመት የተኖረበት። አላስተኛ ሲለኝ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ።

ራያንኤር የሚባለውን የአየርላንድ ኩባንያ ስም ሰምታችሁ ይሆናል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁ «ከአውቶቡስ ባነሰ ዋጋ ከአገር አገር በረርን» ሲሏችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሳፈሩት በእሱ ወይም በመሰሎቹ ነው። በ1985 ከዋተርፎርድ ለንደን በአንዲት አነስተኛ አውሮፕላን መንገደኛ ማመላለስ የጀመረ ኩባንያ ነው። የአሜሪካውን ሳውዝዌስትን ዘዴ ኮረጀና ከ1994 ጀምሮ በማይክል ኦሊሪ መሪነት ከአውሮፓ ታላላቆች አንዱ ሆነ። ዘዴው ቀላል ይመስላል። በአብዛኛው አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737፤ አርፎ በ25 ደቂቃ ውስጥ መልሶ መነሳት፤ ሳንድዊችም ሻንጣም በገንዘብ። እስከዚህ ድረስ ብልህ ነጋዴነት ነው፤ ማን ይከፋዋል? ድሃውንም ሰው አሳፍሯል። ወጪ ቅነሳው ግን ሳንድዊቹ ላይ አልቆመም። ፓይለቱ የተቀመጠበት ክፍል ድረስ ዘልቆ ገባ።

እንዴት ገባ? አንድ ሰው የበረራ ፈቃድ ስላገኘ ብቻ ማንኛውንም ጄት አያበርም። ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት ለብቻው ሠልጥኖ፣ ሲሙሌተር ላይ ተፈትኖ ፈቃዱ ላይ ማስመዝገብ አለበት። «ታይፕ ሬቲንግ» ይሉታል። ለቪትዝ አንድ መንጃ ፈቃድ፣ ለኮሮላ ሌላ መንጃ ፈቃድ እንደማለት ነው። ድሮ በብዙ ኩባንያ ዘንድ ቀጣሪው ራሱ ከፍሎ ያሠለጥን ነበር። በርካሾቹ ቤት ነገሩ ተገለበጠ። ራያንኤር ዘንድ ለ737ቱ ሥልጠና ወደ 30 ሺህ ዩሮ የሚጠጋው ገንዘብ ለዓመታት ከአመልካቹ ኪስ ሲወጣ ኖሯል። ይህ እንግዲህ ከበረራ ትምህርት ቤቱ ክፍያ ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ ባለፈቃድ ለመሆን 100 ሺህ ዩሮ ሊጠይቅ ይችላል። ገና ጺሙ ያልበቀለ ልጅ የአባቱን ቤት ለባንክ አስይዞ ሥራ ይገባል ማለት ነው። ሥራ ለመግባት የሚከፈልበት ሥራ! ይሄ ነገር የሠራተኛ ቅጥር ነው ወይስ የዕቃ ሽያጭ?

ቀጥሎ ኤጀንሲው ይመጣል። ኤጀንሲ ስል ፈገግ ያላችሁ አይቻለሁ። እኛ አገር ኤጀንሲ ሲባል ትዝ የሚለን ወደ ቤሩትና ወደ ሳዑዲ የሚሄዱት እህቶቻችን ናቸው፤ አሠሪሽ ማነው ቢሏት ኤጀንሲው ወደ ማዳሟ፣ ማዳሟ ወደ ኤጀንሲው የሚጠቁሙባት። የእነሱን መከራ ከካፒቴን ኑሮ ጋር አላመሳስልም፤ ነውር ነው። የውሉ አሠራር ግን ዘመድ ነው። ከራያንኤር አብራሪዎች ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ የራያንኤር ቅጥረኞች አልነበሩም። ብሩክፊልድን በመሰለ ኤጀንሲ በኩል፣ በወረቀት «የግል ኩባንያ ባለቤት» ተብለው ነበር የሚሠሩት። ዩኒፎርሙ የአየር መንገዱ፣ አውሮፕላኑ የአየር መንገዱ፣ የሥራ ፕሮግራሙን የሚያወጣው አየር መንገዱ፤ ልጁ ግን «ነጋዴ» ነው። የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ የግል ሥራ ላይ ነኝ ካሉት አብራሪዎች ከአሥሩ ሰባቱ የሚያበሩት ለርካሽ አየር መንገዶች ነበር።

እንዲህ ያለው «ነጋዴ» የሚከፈለው በበረራ ሰዓት ነው። እነሆ እኔና ካፒቴኑ ተገናኘን! ካልበረረ የለም። ቢታመም የለም። ክረምት ገብቶ መንገደኛ ሲቀንስና አውሮፕላኖች ሲቆሙ የለም። በአውሮፓ ሕግ አንድ አብራሪ በዓመት ከ900 ሰዓት በላይ መብረር አይችልም፤ ስለዚህ ጣሪያው የታወቀ ነው፣ ወለሉ ግን የለም። እኔስ ጽሑፍ ያልወጣልኝ ሳምንት ሽሮዬን በልቼ አድራለሁ። እሱ የባንክ ዕዳ አለበት። ደግሞስ እኔ ትኩሳት ይዞኝ ብጽፍ የሚሞት ሰው የለም። በሰዓት የሚከፈለው ልጅ ጠዋት ራሱን አሞት ሲነሳ ምን ይወስናል? ይቺን ጥያቄ ይዛችሁልኝ ቆዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እኔን ከደመወዙ ይልቅ ያስደነቀኝ የምደባው ጉዳይ ነው። ቤዝ ይሉታል። አውሮፕላኑ ጠዋት የሚነሳበት፣ ማታ ተመልሶ የሚያድርበት ከተማ ማለት ነው። ሠራተኛው እዚያው ከተማ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ኩባንያው የሆቴል አይከፍልም። ሚዛናዊ ለመሆን፣ ይሄን የሚወዱት አብራሪዎች ብዙ ናቸው። ማታ ቤታቸው ያድራሉ፤ የራያንኤር አብራሪ አምስት ቀን ሠርቶ አራት ቀን የሚያርፍበት ፕሮግራምም በሙያው ውስጥ የሚያስቀና ነው። ችግሩ ቤዙን የሚመርጠውና የሚዘጋው ማነው የሚለው ላይ ነው። ልጁ ደብሊን እመደባለሁ ብሎ ሲመኝ አንድ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ የኢጣሊያ ወይም የፖላንድ ከተማ ይደርሰዋል። እዚያ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ ሲደላደል ደግሞ ቤዙ ይዘጋል።

ይሄ ተረት አይደለም። በ2015 የዴንማርክ የሠራተኛ ማኅበራት ራያንኤርን የጋራ ስምምነት ፈርም ብለው ያዙት፤ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱም አድማ ማድረግ መብታቸው ነው አለ። ኩባንያው ምን አደረገ? አልፈረመም። የቢሉንድን ቤዝ ዘጋ። መንገደኛው ግን ልዩነቱን አላየም፤ አውሮፕላኖቹ ከሌላ አገር እየተነሱ ቢሉንድ ማረፋቸውን ቀጠሉ። ከዚያ የተነቀለው ሠራተኛው ብቻ ነው። በ2017 ደግሞ በቤልጅየም ሻርለርዋ የተመደቡ የበረራ አስተናጋጆች ክስ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። ውላቸው በአየርላንድ ሕግ የተጻፈ፣ ደመወዛቸው አየርላንድ ባንክ የሚገባ፣ መኖሪያቸው ግን ከሻርለርዋ ከአንድ ሰዓት መንገድ እንዳይርቅ የታዘዘ ነበር። ክሰሱን ካላችሁ አየርላንድ ሂዱ ነው ነገሩ። ፍርድ ቤቱ መስከረም 14 ቀን፣ ሠራተኛው ሥራውን በዋናነት በሚያከናውንበት ቦታ መክሰስ ይችላል፣ ይህንንም ለመለየት ቤዙ ትልቅ ምልክት ነው ሲል ወሰነ።

የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት ሌላ ጉድ ፈነዳ። ኩባንያው የ900 ሰዓቱን ቆጠራ ከሚያዝያ-መጋቢት ወደ ጥር-ታኅሣሥ ለማዛወር ተገዶ ስለነበር የዓመት ፈቃዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨናነቀ። ፓይለት ጠፋ። መጀመሪያ በስድስት ሳምንት 2 ሺህ ያህል በረራ ተሰረዘ፤ ቀጥሎ ለክረምቱ 18 ሺህ። ከ700 ሺህ በላይ መንገደኛ ተጉላላ። ካፒቴኖች ፈቃዳቸውን ቢተዉ 12 ሺህ ዩሮ፣ ረዳቶች 6 ሺህ ዩሮ ጉርሻ ይሰጣችኋል ተባሉ። ብዙዎቹ አሻፈረኝ አሉ። የኖርዌዩ ኖርዌጂያን በዚያ ዓመት 140 የራያንኤር አብራሪዎችን ቀጥሬያለሁ ብሎ ተናገረ። እስከዚያ ድረስ ኩባንያው ማኅበር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ከእያንዳንዱ ቤዝ ተወካዮች ጋር ለየብቻ ነበር የሚደራደረው። ከፋፍሎ ማለት ነው። የየቤዙ አብራሪዎች አገር ሳይለያቸው መነጋገር ሲጀምሩ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአያቶቻችን ነገር ደረሰ። የገና አድማ ሲያንዣብብ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ራያንኤር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበራትን አውቃለሁ አለ።

በዚህ አበቃ እንዳትሉ። በ2018 ክረምት ላይ የአየርላንድ አብራሪዎች አምስት ጊዜ ሥራ አቆሙ። የጠየቁት ምን ነበር ትላላችሁ? የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም። በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል እንመደብ፣ የቤዝ ዝውውር ደንብ ይኑረው፣ ፈቃዳችን በሥርዓት ይሰጠን ነው ያሉት። ኩባንያው ደብሊን ካሉት 30 አውሮፕላኖች ስድስቱን ለክረምቱ ፖላንድ አዛውራለሁ፣ 300 ሠራተኛም ሥራው አደጋ ላይ ነው ብሎ ደብዳቤ በተነ። ነሐሴ 10 ቀን የአምስት አገር አብራሪዎች በአንድ ቀን አድማ መቱና 400 ያህል በረራ ቀረ። በመጨረሻ በሽማግሌ ተስማሙ፤ የደብሊኑም ዛቻ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር ማኅበራት ጋር ስምምነት ተፈርሟል፣ በቀጥታ የሚቀጠረውም በዝቷል። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ በ2020 አብራሪዎቹ እስከ 20 በመቶ የደመወዝ ቅነሳ ፈርመው ተቀበሉ፤ በኋላ ተመለሰላቸው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ጥያቄ አሁን አምጡት። መልሱ ከሌላ አህጉር ነው፤ ኩባንያውም የርካሽ ትኬት ሻጭ ሳይሆን ለትልቅ አየር መንገድ በኮንትራት የሚያበር የአሜሪካ አነስተኛ ኩባንያ ነበር፣ ኮልጋን ኤር ይባላል። የካቲት 12 ቀን 2009 ማታ ከኒዋርክ ወደ ባፋሎ ሲበር ተከሰከሰ። የውስጡ 49 ሰው፣ ምድር ላይ አንድ ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ የእኛም አየር መንገድ የሚያውቀው ዓይነት ኪው 400 ነበር። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያው የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አሉ። ምርመራው ግን ሌላም ነገር አወጣ። ቤዛቸው ኒዋርክ ነው፤ ካፒቴኑ የሚኖረው ፍሎሪዳ፣ ረዳቷ ሲያትል አካባቢ። እሷ ሌሊቱን ሙሉ አገር አቋርጣ በሰው አውሮፕላን ተሳፍራ ነው ሥራ የገባችው። እሱ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ አድሯል። ድካሙ ሥራቸውን ሳይጎዳው አልቀረም፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን መለካት አይቻልም ተባለ። ቤዝ የፓይለቱ የግል ጣጣ ብቻ ነው የሚል ካለ ይቺን ያስታውስ፤ ትኬት የቆረጠውም ሰው አብሮ አለበት።

ወደ አገራችን ልመለስና ልጨርስ። እኛ ዘንድ የለመድነው ሌላ ነው። አየር መንገዳችን በራሱ አካዳሚ ያሠለጥናል፤ ሠልጣኙም ተያዥ ጠርቶ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ይፈርማል። ግዴታው ረዘመ ብሎ የሚያማርር አለ፤ ወደ ገልፍ አገሮች የተሻገሩትም ጥቂት አይደሉም። እውነት አላቸው የላቸውም ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ግን እዩት፤ እዚህ ሠልጣኙ በዋስ ይታሰራል፣ ቀጣሪውም ገንዘቡን ስላፈሰሰ ልጁን ይፈልገዋል። እዚያ ልጁ በዕዳ ይታሰራል፤ ቀጣሪው ምንም ያፈሰሰው ስለሌለ ቢሄድም ባይሄድም ግድ የለውም። ግድ የሰጠው በ2017 ፓይለት ሲያጣ ነው።

ያንን አባት ምን አልኳቸው? መጀመሪያ የነገርኳቸው ማንም ያልነገራቸውን ነው። እነዚህ የአውሮፓ ኩባንያዎች በጥቅሉ የአውሮፓ የበረራ ፈቃድና አውሮፓ ውስጥ ያለ ገደብ የመኖርና የመሥራት መብት ይጠይቃሉ። እዚያ ተወልዶ ዜግነት ያለው የስደተኛ ልጅ ሊሞክር ይችላል። የእርሶ ልጅ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ቤቱን ሸጠው ቢያሠለጥኑት፣ ፈቃድ ይዞ በሩ ላይ ነው የሚቀረው አልኳቸው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ገልፍ ያሉት ርካሾች የውጭ ሰው ይቀጥራሉ፤ እዚያ ከሆነ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ውሉን ያምጣልኝና አብረን እናንብበው፤ ቀጣሪው ማን እንደሆነ፣ ባይበር ስንት እንደሚከፈለው፣ ቤዙን የሚቀይረው ማን እንደሆነ የተጻፈበትን ገጽ እንፈልግ አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ይሄን ለእሱ ንገርልኝ፤ እኔን አይሰማኝም» አሉኝ።

ቤቱ እስከ ዛሬ አልተሸጠም። ልጁ ግን አኩርፎኛል። አሁንም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሲያፈጥብኝ እያየሁት ነው። ጥያቄ ካለ ከእሱ እንጀምር።