ጥፋቱ የጣታችን አልነበረም
(የሙዚቃ ክፍሉ አባላት በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ እንድንጫወትላችሁ ብቻ ሳይሆን እንድንናገርም ዕድል ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። የምንናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ የምንጀምረው ግን ከይቅርታ ነው።

የሙዚቃ ክፍሉ ሲቋቋም ከማኅበሩ በተበደርነው ገንዘብ ሦስት ያገለገሉ ጊታሮች ገዛን። ስንገዛ ያየነው ቀለማቸውንና ዋጋቸውን ነበር። ልምምድ በጀመርን በጥቂት ሳምንታት የአንዲት እኅታችን ጣቶች ቆሳሰሉ። ሌላዋ ደግሞ የቱንም ያህል ብትጫን ድምፁ ጥርት ብሎ አልወጣላትም። እኛም «በርቱ፣ ጣታችሁ እስኪጠነክር ነው» አልን። «ጊታር የወንድ እጅ ይፈልጋል» ያለችም ከመካከላችን አልጠፋችም። ሁለቱም ቀሩ። ከብድሩ የሚደርስባቸውን ግን በየወሩ ይከፍሉ ነበር።

ከወራት በኋላ ጣቷ የቆሰለው እኅታችን ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ዘመዷ ቤት ሄደች። የእሱን ጊታር አንሥታ ያቃታትን ዜማ ሞከረችው፤ ያለ ምንም ሕመም ተጫወተችው። በማግስቱ የልጇን ማስመሪያ ይዛ ወደ እኛ መጣች። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካች፤ 4 ሚሊ ሜትር ሆነ። የዘመዷ ጊታር ከ2 ሚሊ ሜትር አያልፍም ነበር። «እኅቶቼ፣ ጥፋቱ የጣቴ አልነበረም» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጊታር ማስተካከልንም ተማርን። ሥራው ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ አንገቱ ነው። በውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አለ። ክሮቹ አንገቱን ወደ ፊት ይስባሉ፣ ዘንጉ ደግሞ ይመልሰዋል። ጊታሩን ከቃኘን በኋላ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ እንጫናለን። በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ሩብ ሚሊ ሜትር የምታህል ክፍተት ከታየች ደኅና ነው። ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉን በብሩጎላ እናጠብቃለን፤ ጨርሶ ከጠፋ እናላላለን። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አናልፍም፤ አልዞር ካለም አንታገለውም። ዘንጉ ከተበጠሰ ጥገናው ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው የክሩ ከፍታ ነው። ብሪጁ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች እያዞርን ቀጭኑን ክር በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙን ወደ 2 ሚሊ ሜትር እናወርዳለን። ከዚያ በታች ከወረደ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ሊንዛዛ ይችላል።

ሦስተኛው የቅኝቱ ትክክለኛነት ነው። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳንጫን ነካ አድርገን እንመታለን፤ ከዚያ ተጭነን እንመታለን። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። ተጭነን የመታነው ከቀጠነ ክሩ ብሪጁ ላይ የሚያርፍባትን ብረት ከአንገቱ እናርቃታለን፤ ከወፈረ እናቀርባታለን።

አንደኛው ጊታር ግን ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ከራሱ በኩል ባሉት ፍሬቶች ላይ እጅ ያሳምም ነበር። ችግሩ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ነት ቦዩ ስላልጠለቀ ነው። ሞረድነው፤ አብዝተን ሞረድነውና አበላሸነው። ያን ጊዜ ሥጋ ቤት የምትሠራ እኅታችን የበሬ አጥንት አመጣችልን። ቀቅለን፣ ስቡን አውጥተን፣ አድርቀን፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቀርጸን አዲስ ነት ሠራን። ውድ በሆኑ ጊታሮችም ላይ ነት ከበሬ አጥንት እንደሚሠራ ያወቅነው በኋላ ነው።

ክሮቹንም ለወጥን። የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.25 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ወደ 0.23 አወረድነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ለጣት ግን ይታወቃል። ትዝታንና አምባሰልን ስንጫወት ድምፁን እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ለማወዛወዝ ክሩን ወደ ጎን እንገፋዋለን፤ ቀጭን ክር ለዚህ ይታዘዛል። ክር በተለወጠ ቁጥር ግን አንገቱም፣ ከፍታውም፣ ቅኝቱም እንደገና ይለካል።

ወደ ፊት ጊታር ለምትገዙ እንዲህ እንላለን። ከቀለሙ በፊት የክሩን ርዝመት ጠይቁ። ስትራቶካስተር 648 ሚሊ ሜትር፣ ሌስ ፖል 628 ገደማ፣ ፌንደር በ1964 ያወጣው ሙስታንግ በተለመደው መጠኑ 610 ነው። ባጠረ ቁጥር ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ፣ ክሩም ይለሰልሳል፤ ለትንሽ እጅ ይመቻል። ቆማችሁ አሥር ደቂቃ አንግቱት፤ ከ4 ኪሎ የሚበልጥ ጊታር ትከሻ ይጎዳል። አንገቱን ከራሱ በኩል አነጣጥራችሁ እዩ፤ ከተጣመመ ተዉት። ፍሬቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሩ። የድምፅ ማስተካከያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ ወይም ጃኩ ቢላላ ግን አትሽሹ፤ እሱ በጽዳትና በትንሽ ብየዳ ይድናል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳል።

ይህ ሥራ ለሴት እንግዳ አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚነሣው ፒክአፕ ከሚባለው ክፍል ነው፤ ማግኔት ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞ ይሠራል። በካሊፎርኒያ በፌንደር ፋብሪካ አቢጌይል ኢባራ የተባለች ሴት በ1956 ተቀጥራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይህን ሽቦ ስትጠመጥም ኖራለች። የእሷ እጅ የነካውን ፒክአፕ ጊታር ተጫዋቾች እየፈለጉ ይገዙታል። ጥጥ ስትፈትል፣ ስፌት ስትሰፋ ላደገች ሴት ይህ የማይቻል ነው የሚለን ማን ነው?

ማስመሪያ ይዛ የመጣችው እኅታችን ዛሬ የጥገናው ኃላፊ ናት። ከውጭም ጊታር እየመጣላት ነው፤ ገቢው ብድራችንን እያቃለለ ነው። ሌላዋ እኅታችን አልተመለሰችም። ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ቡና አፍልታ ተቀብላናለች፤ ሱቋን ግን ትታ መምጣት አልቻለችም። እዚህ ተቀምጣለችና በሁላችሁም ፊት ደግመን ይቅር በይን እንላታለን። ቦታሽ እንዳለ ነው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ አዲስ ጊታር እንድትገዙልን አንጠይቅም። የምንጠይቀው የተሟላ ብሩጎላና ካቻቪቴ፣ መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸውን ስስ ብረቶች፣ የነት ሞረዶችና የዓመት ክር ነው። እናንተም እኅቶቻችን፣ ቤታችሁ ልጆቻችሁ ያኮረፉት ጊታር ካለ ቅዳሜ ከሰዓት አምጡት። «አልችልም» ከማለታችሁ በፊት አብረን እንለካዋለን።