«ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም!» — የጤና መድንን በስልክ ስለ ማሳደስ

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ የቀረበ)



እንደምታስታውሱት ማኅበራችን ባለፈው ጥር ወር የጤና መድን አባልነታቸውን ያላደሱ ቤተሰቦችን በስልክ እንዳስታውስ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። ሲሰጠኝ ቀላል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ጥላ ሥር ተቀምጦ መደወል ምን አለው! በመቱ ጭቃ ቤት ለቤት ከመዞር ይሻላል ብዬ ነበር። ዛሬ የቆምኩት ሥራው እንደታሰበው እንዳልሄደ ለመናገር ነው። ከተፈጠሩት ስሕተቶች ትልቁ የራሴ ስለሆነ፣ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ቀለል ካለው ልጀምር። መጀመሪያ ያሰናከለኝ «መድን» የሚለው ቃል ነው። ብዙው ሰው መድን ሲባል የሚያውቀው የመኪናውን ነው፤ ሹፌሮች መስታወት ላይ የሚለጥፉትን የሦስተኛ ወገን ወረቀት። አንድ ጋሼ «የመድን መክፈያዎ ደርሷል» ብላቸው «ልጄ፣ እኔ ያለችኝ አንዲት በቅሎ ናት፤ እሷም ሰው ገጭታ አታውቅም» ብለው ዘጉብኝ።

እንግዲያውስ አማርኛውን ትቼ በኦሮምኛ ልሞክር አልኩ። እንደምታውቁት ጤና በኦሮምኛ «ፈያ» ነው፤ የጤና መድንም «ኢንሹራንሲ ፈያ» ይባላል። ዳሩ ግን ሰላምታችንም ያው ፈያ ነው። ለአንዲት እናት ደውዬ ስለ ፈያ መደወሌን ብነግራቸው «ነጋ ፈያ! እኛ ፈያ ነን፤ አንቺስ? ልጆቹስ? ከብቱስ?» እያሉ ሰላምታውን ተያያዙት። ሰላምታ አቋርጦ ወደ ገንዘብ መግባት ደግሞ ነውር ነው። ስመልስ፣ ስመልስ የስልኬ ሂሳብ አለቀ። በማግሥቱ ራሳቸው ደውለው «ሰላም ልትይኝ ብለሽ ብርሽን ጨረስሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መረቁኝ። እስከ ዛሬ አልተመዘገቡም። አሁን እዚህ ተቀምጠው አያቸዋለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ አልለቃቸውም።

ሌላው ደግሞ የልጅ ስልክ ነው። ብዙ አረጋውያን በመዝገቡ ላይ ያስያዙት አዲስ አበባ ወይም ጅማ ያለ ልጃቸውን ቁጥር ነው። ለአንዷ ልጅ ደውዬ «ስለ እናትሽ የሕክምና ጉዳይ ነበር» ስል ጩኸቱ ተሰማ፤ ስልኩም ወዲያው ተቋረጠ። ያቺ ልጅ በሚቀጥለው ቀን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጣ መቱ ገባች። እናቷን ያገኘቻቸው ደጃፍ ላይ ቡና ሲለቅሙ ነው። እናቲቱ ግን በልጃቸው መምጣት ተደስተው ወዲያውኑ አሳደሱ።

«አጭበርባሪ ነሽ» ብለው የዘጉብኝም አሉ፤ በነሱ አልፈርድም። «ሎተሪ ደርሶዎታል» እያሉ የሚደውሉ ሌቦች ሰውን አስመርረውታል። የኔ ቁጥር ደግሞ በ07 የሚጀምር ነው፤ በ09 የለመደ ሰው ገና ሲያየው ይጠረጥራል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ የቴሌብርም ሆነ የባንክ የምሥጢር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን ዝጉበት። እኔም ብሆን ዝጉብኝ። ደረሰኝ ሳትቀበሉም ብር አትስጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ብዙ ጊዜ የሰማሁት መልስ «ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም! በጠዋት በሽታ አትጥሪብኝ» የሚለው ነው። ይኼን የሚለው ሰው ግን የእድሩን መዋጮ በየወሩ ሳያዛንፍ ይከፍላል። የእድሩን ገንዘብ ያዥ «ሞት ጠራህብኝ» ብሎ ያባረረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ለመቅበሪያችን ተሰብስበን እናዋጣለን፤ ለመታከሚያችን ሲሆን እያንዳንዳችን ብቻችንን እንቆማለን። ይኼ ለእኔ አይገባኝም።

አሠራሩ ከእድር ብዙም አይርቅም። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ በዚያ ዓመት የታመመው ከተጠራቀመው ይታከማል። ጤነኛው ቀርቶ የታመመው ብቻ የሚመዘገብ ከሆነ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው ሰው ሳይታመም የሚጠራው። የመክፈል አቅም ለሌላቸው ተለይተው ለተመረጡ ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። በአገራችን ሥራው የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ነበር። አንደኛው ጎረቤታችን የጅማው ሊሙ ኮሳ ነው፤ እንደኛው የቡና አገር። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ለመክፈል ይዳረጋል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈኑም። ይኼን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አታለልሽኝ» እንዳትሉኝ ነው።

ቅሬታም ሰምቻለሁ፤ አልደብቅም። «ከፍዬ ካርዱን ይዤ ብሄድ መድኃኒቱ የለም ተባልኩና ከውጭ ገዛሁ» ያሉኝ ጥቂት አይደሉም። ለዚህ በስልክ የምሰጠው መልስ አጥቼ ዝም ብያለሁ። ቅሬታቸውን ግን አንድ በአንድ ጽፌ ለማኅበሩ አስረክቤአለሁ።

የኔ ጥፋት እነሆ። የምናገረው ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የስልክ ቁጥሮችን ከመዝገቡ ወደ ደብተሬ ስገለብጥ የዚህን ጎረቤታችንን 1 ቁጥር 7 አድርጌ ጻፍኳት። ብደውል ጋምቤላ ያለ አንድ ሰው አንሥቶ «ተሳስተሻል» አለኝ። ደገምኩት፤ ተቆጣ። የተሰጠኝ ቅጽ ላይ ደግሞ ያሉት ሁለት ዓምዶች ብቻ ናቸው፤ «ከፍሏል» እና «አልፈለገም»። ስልኩ ስሕተት ለሆነ ሰው ቦታ የለውም። እኔም ደክሞኝ ነበርና «አልፈለገም» በሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ነሐሴ ላይ ባለቤቱ በድንገት ታመመች፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባለ። ካርዱን ይዞ ቢሄድ ጊዜው አልፎበታል። ብድር ቢጠይቅ በክረምት ማን ብር አለው? በመጨረሻ ያልደረሰ ቡናውን ከነዛፉ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ሸጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴትዮዋ ድናለች። ኅዳር ላይ ግን ይኼ ሰው በገዛ ጓሮው ውስጥ የገዛ ቡናውን በቀን ሂሳብ ለሌላ ሰው ሲለቅም አየሁት።

ጉዳዩን ስሰማ ይቅርታ ልጠይቅ ቤቱ ሄድኩ። አልተቆጣም። «ያን ሰሞን እኛ ቤት ቡና ልትጠጪ መጥተሽ አልነበር?» ብቻ አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያ በጥር ወር ሁለት ጊዜ ጠጥቻለሁ። ቤታችን ያለው በአንድ መንገድ ላይ ነው። ስልኩን በደብተሬ ላይ ሠርዤ፣ ሰውየውን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ስለ ዝናቡና ስለ ቡና ዋጋ ሳወራ ነበር።

በጋና አባሎች ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የጤና መድናቸውን በእጅ ስልካቸው ራሳቸው ያድሳሉ ይባላል። መልካም ነገር ነው፤ እኛም አንድ ቀን እንደርስበት ይሆናል። እስከዚያው ግን ሥራ አስፈጻሚው ሁለት ነገር እንዲፈቅድልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አንደኛ፣ ቅጹ ላይ «አልተገኘም» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ይጨመራል። ሁለተኛ፣ በዚያ ዓምድ የተመዘገበ ሰው ቤት በሦስት ቀን ውስጥ በእግር ይኬዳል፤ ዝናብም ቢሆን። የምሄደው እኔ ነኝ፤ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ቢያግዙኝ አልጠላም።

አዲሱ ዓመታዊ ክፍያ የሚሰበሰብበት ጊዜ ደርሷል፤ የቡናውም ብር ገና ከእጃችሁ አልወጣም። ከቅዳሜ ጀምሮ ደብተሬን ይዤ በማኅበሩ ቤት እቀመጣለሁ። የከፈላችሁም ያልከፈላችሁም መጥታችሁ ቁጥራችሁን ንገሩኝ፤ የልጃችሁ ከሆነም የልጄ ነው በሉኝ። ጽፌ መልሼ አነብላችኋለሁ፤ 1ና 7ን ሁለት ሁለት ጊዜ።